መሰላሉን ማን ወሰደው?

ፍኖተ ሰላም ላይ የእኔና የጎረቤቴ የአያ ሙሉነህ ጣራ በአንድ አሸንዳ ይገናኛል። በዚያው አሸንዳ ተጣልተን ሁለት ዓመት ሰላም አልተባባልንም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ የወረደውን በረዶ ግን ባያችሁት! አሸንዳውን ደፈነውና ውሃው ወደ ቤት ተመለሰ፤ የሳሎኑ ኮርኒስ ተንዘርጥጦ ሊወርድብን ደረሰ። እንዳባራ አካፋ ይዤ በመሰላል ጣራው ላይ ወጣሁ። አያ ሙሉነህም በራሳቸው መሰላል ወጥተው አገኘኋቸው። ተፋጠጥን።

እሳቸው በወዲያ እኔ በወዲህ በረዶውን መዛቅ ጀመርን። ድንገት እግሬ ከዳኝ! ወደ ታች ስንሸራተት አያ ሙሉነህ ጃኬቴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ቀስ በል እንጂ!» ብለው ጮኹ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ልል አልኩና አካፋዬን አነሳሁ። እሳቸውም ያፈሩ ይመስል ጃኬቴን ለቀቁና ፊታቸውን አዞሩ።

በመጨረሻ ውሃው እየተንፎለፎለ በአሸንዳው ወረደ። ደስ ብሎኝ ልወርድ ስዞር መሰላሉ የለም!

«አያ፣ የእርስዎስ?» አልኳቸው።

«የእኔም የለም!»

ወደ ታች ብናይ ሚስቴና ባለቤታቸው መሰላሎቹን ተሸክመው ይሄዳሉ።

«ስትታረቁ ጥሩን!» አሉንና ተያይዘው ገቡ።