ሳትቆጠር የቀረችው እህቴ

ነሐሴ ሊወጣ ሲል ሁለት ወጣት መምህራን መዝገብ ይዘው ቡሬ ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆሙ። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካለ ሊመዘግቡ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ግቡ ብዬ የተጠበሰ እሸት በቆሎ አቀረብኩላቸው። ሴቷ መምህር ባንድ እጇ በቆሎዋን እንደያዘች በሌላው መዝገቡን ገለጠችና አንገቷን ደፍታ፣ «እናቴ፣ ጉዳት ያለበት ልጅስ በቤቱ ይኖር ይሆን? አይሸሽጉን፤ እንዲማር ብለን ነው» አለችኝ። የኔ ልጆች አድገው ወጥተዋል አልኳት። እውነቴን ነበር። ያም ሆኖ ፊቴ ጋለ፤ በልጅነቴ ለተመሳሳይ ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ አስታወስኩ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከቡሬ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ይርቃል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ እያስቀረ ሁለት ሰዓት ያደርገዋል። ከቤቱ ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ወረቀት ሲመጣ ማንበብም መፈረምም የኔ ሥራ ነበር። በዚህም እኮራ ነበር፤ ኩራቴ ለሰው እስኪያስቸግር።

ታናሽ እህቴ ውባለም በሦስት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። የለመደቻቸው ጥቂት ቃላትም አንድ በአንድ ከአፏ ጠፉ። ልጅቷ ብልህ ነበረች። ወፍጮ ቤት ስትወሰድ መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትስቃለች፤ የአባታችንን እርምጃ ከመሬቱ ለይታ ከኛ ቀድማ በር ትከፍትለታለች። ከሷ ጋር የምንግባባው እኛው ቤት ውስጥ በፈጠርናቸው የእጅ ምልክቶች ነበር። አባታችንን ጺም እንደሚዳብስ ሰው አድርጋ ትጠራው ነበር።

በኛ አገር ልጅ አይቆጠርም። ስንት ልጅ አለህ የተባለ ሰው «እግዜር የሰጠኝ አሉ» ብሎ ያልፋል፤ ቁጥሩን መናገር ሟርት ነው። ጉዳት ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ልጃገረድ ስትታጭ ዘሯ ይጠየቃል፣ የታላቅ እህታችን ሽማግሌዎች ደግሞ በዚያው ክረምት እየተመላለሱ ነበር። ስለዚህ መምህራን ሊመዘግቡ በመጡ ቀን እናቴ ውባለምን ይዛ ወደ በርበሬው ማሳ ወረደች። አባቴ አየኝ። የአገራችን አባት ካየ ተናገረ ማለት ነው። መምህሩ «ሌላ ልጅ አለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የለም» አልኩና በአባቴ ፈንታ ፈረምኩ። ምንም አልጨነቀኝም። እንዲያውም ፊርማዬ አምሮልኝ ነበር።

ወር ሳይሞላ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ከፍኖተ ሰላም ወሬ ይዞ መጣ፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች በእጅ የሚማሩበት ክፍል አይቻለሁ፣ ስማቸውን እንኳ ይጽፋሉ አለ።  ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት አባቴ ውባለምን ራሱ ፊቷን አጥቦ የፋሲካ ቀሚሷን አለበሳትና እኔንም ተከተይኝ አለኝ። እናቴ ዳቦ በድልህ ቋጠረችልን። እስከ ቡሬ በእግር፣ ከቡሬ በማንኩሳ አድርገን በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ገባን።

ያንን ክፍል ዛሬም አልረሳውም። ልጆቹ ሁሉ እጃቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም፣ ወሬው ግን የገበያ ያህል ነው። አንዲት ልጅ ውባለምን በመስኮቱ አየቻትና በእጇ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ውባለም ደገመችው። ቀጥላ የምታውቀውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘረገፈችላት፤ ላም፣ ዝናብ፣ ዳቦ፣ ነይ። ልጅቷ አንዱም ባይገባት እየሳቀች መለሰችላት። እህቴ ከቤታችን ሰው ውጭ ሌላ ሰው በእጅ ሲያናግራት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

የክፍሉ መምህር ወጥቶ ፈተናትና፣ ትችላለች፣ ቦታም አንድ አለኝ፣ ከወረዳችሁ ደብዳቤ ብቻ አምጡ አለን። ውባለም ግን የመስኮቱን ብረት አልለቅም አለች። አባቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቆ ሲያነሳት እጁን ነከሰችው። እስከ ቡሬ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ መጣች።

በማግስቱ ቡሬ ወዳለው የወረዳው ትምህርት ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ክፉ ሰው አልነበረም። መዝገቡን አውጥቶ የአባቴን ስም ፈለገና ወደኔ አዞረው። «ሌላ ልጅ የለም ተብሎ ተፈርሟል። በመዝገቡ ለሌለች ልጅ ደብዳቤ ብጽፍ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ።

የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። እሷ የአባቷን ፊት አይታ ነው» አለ።

ሠራተኛው እስከሚቀጥለው ምዝገባ ጠብቁ አለን። በወረዳው ሁሉ መስማት የተሳነው ልጅ አንድም አልተመዘገበም፤ ሌሎች ወላጆችም ቢያስመዘግቡ እዚሁ ቡሬ ክፍል እንዲከፈት ይጠየቃል ብሎ መከረን።

አባቴ ያንን ይዞ ተነሳ። በሰንበቴ ቀን፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ ቆመና፣ «ልጄ አትሰማም። ሸሽጌ በደልኳት። የየቤታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ተያይዘን ብንሄድ መምህር ይሰጡናል» አለ። ሁሉም አቀረቀረ። በማን ቤት ማን እንደተሸሸገ የማያውቅ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የራስህን ቁጠር ልጄ። የኛን አትቁጠርብን» አሉት።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ መስማት የተሳነው ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። በዓመቱ ሁለቱ ልጆች ተመዘገቡ፤ ለሁለት ልጅ ግን መምህር አይመደብም ተባለ። የፍኖተ ሰላሙ ቦታም በሌላ ልጅ ተይዞ ነበር። ወሬው ሲሰማ የታላቅ እህቴም እጮኝነት ፈረሰ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት መስከረም ተመላለሰ፤ በሄደ ቁጥር አዲስ ሰው፣ አዲስ «ነገ ና»። ከብዙ ዓመት በኋላ ቡሬ ክፍሉ ሲከፈት ውባለም አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከሕፃናት ጋር አትቀመጥም ብለው መለሷት።

የሚቆጨኝ ግን ከዚህም ይልቅ ሌላው ነው። ከዚያ ከመስኮቱ ቀን በኋላ ውባለም የአባታችንን ምልክት ተወችው። ሲመጣ በር መክፈቷንም ተወች። ከትምህርቱ የነጠላት እሱ መስሏታል። «ንገሪያት እንጂ» ይለኝ ነበር እየለመነ። እሞክራለሁ። መዝገብ፣ ደብዳቤ፣ ወረዳ በእጅ እንዴት ይባላል? ቤታችን የፈጠረው ለውሃ፣ ለእንጨት፣ ለከብት የሚሆነውን ነው። አባቴ ሲሞት እንደተቀየመችው ነበር።

ዛሬ አብራኝ ትኖራለች። በእጅ የምታናግረው ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። መምህራኑ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገባሁ፤ በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ። እንደሚጽፍ ሰው ጣቴን መዳፌ ላይ አስኬድኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ደግሜ መታሁ፣ አለቀስኩ።

አተኩራ አየችኝ። ከዚያ በርበሬውን አስቀምጣ፣ እጇን በደንብ ታጠበችና ውሃ አመጣችልኝ። ደረቴን ያመመኝ መስሏታል። ትራስ አስተካክላ አስተኛችኝ፤ እስኪሻለኝም ራስጌዬ ተቀመጠች።