የጋሽ ተካልኝን ካርድ የበላው ሌባ

ዘመሮ ገበያ ዳር ካለችው ሞባይል ቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን ባለቤቷ እትዬ ብርቄ መፍቻ አስጨበጡኝና፣ «ልጄ፣ እዚህ ስልክ ከሚጠግን እጅ ይልቅ ሰው የሚችል ሆድ ነው የሚያስፈልግሽ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ሆዴን ከሁሉ በላይ የፈተኑት ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ስማርት ስልክ ላከላቸው። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ካርድ ይሞላሉ፣ ቤታቸው ሲደርሱ ሒሳቡ የለም። «እስቲ ስልኩን ልየው» ስላቸው ጋቢያቸው ውስጥ ይሸሽጉታል። ኧረ የኔ ጌታ፣ ሳልነካው በምን ልወቅ?

አንድ ቀን ሌባውን አገኘሁት ብለው መጡ። «አጠገቤ የሚቀመጠው አበልጄ ሽፈራው ብቻ ነው። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል!»

ወይ ጉድ! ጋሽ ሽፈራው ልጃቸውን ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። የራሳቸው ስልክ ባትሪ የምታበራዋ ትንሿ ናት፤ የሰው ካርድ በምን ይስረቁ?

ጋሽ ተካልኝ ግን አውጫጭኝ ካልተቀመጥን ብለው ድርቅ አሉ። በግ ሲጠፋ መንደርተኛው ተሰብስቦ፣ እየማለ ሌባ የሚያወጣበት ሸንጎ ለካርድ ተጠራ! አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ዳኛ ሆነው ተሰየሙ፤ እኔንም ለምስክርነት ጎተቱኝ።

ጋሽ ሽፈራው ቆመው ማሉ። «ካላመንከኝ ግን አበልጅነታችን ዛሬ ይብቃ» አሉ። ይሄኔ ተናደድኩ።

«ጋሽ ተካልኝ፣ በሞቴ፣ ስልኩን ለዳኛው ይስጧቸው!» ብዬ ጮህኩ።

እያጉረመረሙ ሰጡ። ዳኛው ገና ጣታቸውን ሲያሳርፉበት የበግ ማድለብ ቪዲዮ ተከፈተ። እሱ ሳያልቅ ሌላው ቀጠለ።

«የኢንተርኔት ጥቅል ገዝተዋል?» አልኳቸው።

«አልገዛሁም። ረቡዕና ዓርብማ ቪዲዮ አላይም፤ አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው!»

«ያጠፉት የስክሪኑን መብራት ነው፤ ዳታው በርቷል። ጥቅል ከሌለዎት ከሒሳብዎ ላይ ይበላል። ስልኩ እንደሆነ ጾም አያውቅም።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተካልኝ አበልጃቸው ጉልበት ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጋሽ ሽፈራው ያዟቸው። ዳኛው፣ «ሽፈራው ሙክት ይካስ!» ብለው ፈረዱ።

«ሙክቱ ይቅርብኝ» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ቪዲዮውን ግን ከጀመርነው እንጨርሰው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጥቅል ልግዛ!» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ የኔስ በርቶ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። በርቷል።

ጥቅል ሳትገዙ ዳታ አትክፈቱ፤ ስትጨርሱ ዝጉት። ሰው የምትጠረጥሩት ከዚያ በኋላ ነው።