ማህተም ያረፈበት ድረ ገጽ

ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ አልናገረውም። ደሴ ካለው ሰፈሬ ከቧንቧ ውሃ በጠዋት ተነስቼ፣ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ፣ ከኮሌጁ ባለቤት ጋር ስጨቃጨቅ ነበር የምውለው። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ግትር ነው፣ አላህ ይየው!

የምንጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነበር። እኔ፣ ገጹ እንደ ስክሪኑ ይስፋ ይጥበብ እላለሁ፤ በኮምፒውተር ሰፋ፣ በስልክ ጠበብ ብሎ ሁሉም ነገር እንዲታይ። እሱ ደግሞ ስፋቱ አንዴ ተለክቶ ይቁም ይላል። ለምን ቢባል፣ ገጹን በወረቀት አሳትሞ፣ ፈርሞ፣ ክብ ማህተሙን አሳርፎበታላ!

«ማህተም ያረፈበት ነገር አይነካም» አለኝ። «ዛሬ መስመሩን ካዞርሽ ነገ ስሜን ታዞሪዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደብዳቤ አይደለም።»

«ወላሂ፣ አንቺ ልጅ ምላስሽ ረዝሟል!»

ይባስ ብሎ በስልኩ ሲከፍተው ከስክሪኑ የሰፋው ገጽ ጣቱ በነካው ቁጥር ወደ ጎን ተንሸራተተበት። «ምን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል? ቆልፊው!» አለ። ከቆለፍኩት በቀኝ በኩል ከስልኩ የተረፈው ሁሉ እንደማይታይ፣ ማመልከቻ የሚላክበት «ላክ» የሚለው ቁልፍም እዚያው እንዳለ በጣቴ እየጠቆምኩ አሳየሁት። «መማር የፈለገ ፈልጎ ያገኘዋል» አለኝ። ቆለፍኩት። ተቀጣሪ ምን ምርጫ አለው?

በዚያው ዓመት ኮሌጁ ለየወረዳው አንድ የነጻ ትምህርት ቦታ ሰጠ፤ ማመልከት የሚቻለው በድረ ገጹ ብቻ ነው። ኩታበር ወረዳ ያለችው ታናሽ እህቴ ነርስ ከመሆን ሌላ ሐሳብ የላትም፤ ከፍሎ የሚያስተምራት ደግሞ የለም። ማመልከቻውን በስልኳ ሞላች። «እህቷ አስገባቻት» እንዳይባል ብላ ለእኔ ትንፍሽ አላለችም። እኔ የሰማሁት የተቀባዮቹ ስም ወጥቶ የእሷ ሲጠፋ፣ እያለቀሰች ስትደውልልኝ ነው።

በነጋታው ይዣት ሰውዬው ቢሮ ገባሁ። ቁጭ በሉ እንኳ አላለንም።

«ከኩታበር አንድም ሰው አላመለከተም» አለ። «ቦታውን ለሌላ ወረዳ፣ ለአንድ የሐርቡ ልጅ ሰጠሁት። እናንተ አገር ትምህርት ይጠላል እንዴ?»

የእህቴን ስልክ ከእጇ ነጥቄ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «ይኸው፣ ቁልፉን ይፈልጉት! ፈልጎ ያገኘዋል አላሉኝም? ይፈልጉታ!»

መነጽሩን አደረገ። ገጹን ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ታች ገፋው። የለም። ማፈር እንኳ አላወቀበትም። «ታዲያ ደሴ ወጥታ ኮምፒውተር ቤት ብትሞላ ምን ነበረበት?» አለና ስልኩን መለሰላት።

እህቴ መሬት መሬቱን እያየች ስልኩን ተቀበለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እታለም» አለችኝ፣ «አብረውኝ የሞሉት ልጆች የሚላክበትን ስላጡ፣ ደሴ ሄደን በኮምፒውተር እንየው ብለው ነበር። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። እህቴ የሠራችው ምን ይጎድለዋል፣ ሞልታችሁ ከጨረሳችሁ ደርሷል አልኳቸው።»