በበሬ ቆዳ ላይ የተቀመጠው መኪና

መደርደሪያዬ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ ፊት፣ ያረጁ የጎማ ቀለበቶች ተደርድረዋል። ባለቤቴ አቧራ ስትጠርግ አንድ በአንድ ታነሳቸዋለች፤ መልሳ ስታስቀምጣቸው ግን ሆን ብላ ታንኳኳቸዋለች። በቤታችን ውስጥ የሚያስጠላት ነገር ብዙ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ እነዚህ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የመጡት ባለፈው ወር ነው። ከእኔ ጋር አብሮ የሚያረጅ ትልቅ ላንድክሩዘር አለኝ። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከወለሉ ሥር "ጓ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ "ድንጋይ ነው" አለ። በእኛ አገር አንድ ሰው "ድንጋይ ነው" ካለ በኋላ መጨነቅ ያስንቃል። እኔ ግን ተጨነቅሁ፤ የቀረውን መንገድ በአህያ እርምጃ ነዳሁት። ባጃጆች ሁሉ እየቀደሙኝ አለፉ፤ አንዱማ ዞሮ በርኅራኄ አየኝ።

ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና "ጋሼ፣ የቦዲው ጎሚኒዎች አልቀዋል። ግን ገዳይ አይደለም፣ አይፍሩ" አለኝ። ሲቀይራቸው አጠገቡ ቆሜ ዋልኩ። ሲጨርስ አሮጌዎቹን በፌስታል እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት።

"ምን ያደርጉልዎታል?"

"ያስፈሩኛል" አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ለማያውቅ ሰው መኪና አንድ ዕቃ ይመስላል። ሁለት ነው። ከታች ሞተሩንና ጎማውን የተሸከመው የብረት አልጋ አለ፤ ሻንሲ ይሉታል። ከላይ ሰው የሚቀመጥበት ቤት አለ። ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ጎሚኒ የሚሏቸው የጎማ ቀለበቶች አሉ፤ ቡሎን በቀለበቱ መሐል አልፎ ያያይዛቸዋል። ቀለበቶቹ እንደ ጋብቻ ሽማግሌዎች ናቸው፤ የአንዱን ቁጣ ተቀብለው ለሌላው አለዝበው ያደርሳሉ። ሲያረጁ ባልና ሚስቱ በቀጥታ ይጋጫሉ። ያ "ጓ" የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የተማርኩት ከአጎቴ ነው፤ አጎቴም እያወቀ አይደለም ያስተማረኝ።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ሥራ እየጠበቅሁ፣ ንፋስ መውጫ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ደምሌ ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት በጨረታ የገዛው ረጅም ላንድክሩዘር ነበረው፤ ከኋላ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ያለው። በእሱ ከንፋስ መውጫ አርብ ገበያ ሰው ያመላልሳል። አያ ደምሌ ምንም ነገር የማይፈራ ሰው ተብሎ የታወቀ ነበር። ይህ ስም እንዴት እንደወጣለት አላውቅም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣ እንደ ጥምቀት ነው፤ አይፋቅም።

መኪናው ግን እኔን ያስፈራኝ ነበር። መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሻንሲው ይታጠፋል፤ እኛ የተቀመጥንበት ቤት ትንሽ ቆይቶ፣ ቅር እያለው ይከተላል። የኋላ በሩ በራሱ እየተበረገደ ስላስቸገረ ከውጭ በገመድ ይታሰር ነበር። ተሳፋሪ እንደ ጤፍ ጆንያ ታስሮ ይጓዛል።

የፋሲካ ሰሞን አያ ደምሌ መኪናውን ወደ ሙሐመድ ወሰደው። ሙሐመድ የከተማው ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፤ ከጎማ በላይ ያለውንም ሁሉ ይሞክራል። ከሥር ገብቶ ቆየና በእጁ ጥቁር ፍርፋሪ ይዞ ወጣ።

"አያ ደምሌ፣ ጎሚኒ የምትለው ነገር የለህም። ቤቱ በአላህ ፈቃድ ነው የቆመ።"

"ቀይረዋ!"

"ከየት አምጥቼ? አዲስ አበባ መላክ አለበት።"

አያ ደምሌ መላክ አልቻለም። የአባቱ፣ የእኔ አያት፣ ሙት ዓመት ደርሷል። ድግሱ ከአርብ ገበያ ወዲያ ባለው የትውልድ መንደራቸው ነው፤ ዘመዱን፣ ቄሱን፣ ጠላውን አድርሶ የሚመልስ እሱ ነው። የአባቱን ሙት ዓመት በኪራይ መኪና ከሚያደርስ ቢሞት ይመርጣል። እኛም አብረነው ልንሞት እንደምንችል ያሰበበት አይመስለኝም።

ሙሐመድ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ቆርጦ ሊሠራ አሰበ። አሮጌ ጎማ ግን በከተማው ጠፋ። ጫማ ሠሪዎቹ ለፋሲካ ገበያ ጠራርገው ወስደው በረባሶ አድርገውታል። ለመኪናችን የሚሆነውን ጎማ ገበሬው ሁሉ ተጫምቶት ይሄዳል።

ሐሳቡን ያመጣው አያ ደምሌ ነው። "ምራን!" አለ። ሞፈርንና ቀንበርን የሚያያይዘው የበሬ ቆዳ ጠፍር ማለቱ ነው። "አባቴ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ያረሰው በምራን ነው። እርጥቡን ታስረዋለህ፤ ሲደርቅ ብረት ይሆናል። ሁለት በሬ ግራና ቀኝ እየጎተቱት ያልላላ ለዚች ቆርቆሮ ይላላል?"

ሙሐመድ ጺሙን አሻሸ። ሊቃወም ነው ስል ዓይኑ በራ። "ወላሂ፣ ሞክረን እንይ" አለ። የፋሲካው ቅርጫ በሬ ቆዳ ገና እርጥቡን በጎረቤት ግድግዳ ላይ ተወጥሮ ነበር። ከማጅራቱ፣ ከወፍራሙ፣ ክብ ክብ ቆርጠው፣ ደራርበው፣ መሐሉን በጋለ ብረት በሱት። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ቤቱን ከሻንሲው ማንሳት መጣ። ዝገት የበላቸው ቡሎኖች ናፍጣ እየጠጡና እየተደበደቡ ተፈቱ። በሁለት ክሪክ ግራና ቀኙን አነሱት፤ የባሕር ዛፍ አጣና ደገፉበት። በቤቱና በሻንሲው መካከል አንድ ስንዝር የማይሞላ ጨለማ ተከፈተ።

"አንተ ቀጭን እጅ አለህ፤ አስገባና ፍርፋሪውን ጥረግ" አለኝ አያ ደምሌ።

እጄን እስከ ክርን አስገባሁ። ከላዬ የአንድ ሙሉ መኪና ቤት ተንጠልጥሏል፤ የያዘው ዝገትና አጣና ነው። ከዚያ ክሪኩ "ፊስስ" ብሎ ተነፈሰ። ብረቱ ሲወርድ በዓይኔ ሳይሆን በቆዳዬ አየሁት። እጄን መዘዝኩት፤ የክርኔ ቆዳ ግን እዚያው ቀረ። ቤቱ አጣናው ላይ ተንቋቋና ቆመ።

አያ ደምሌ በሳቅ ፈነዳ። "ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል ማለት ይኼ ነው! አየኸው ሙሐመድ፣ የተማረ ሰው!"

ሙሐመድ አልሳቀም። ክሪኩን እያየ "አልሐምዱሊላህ" አለ። የቀረውን በእንጨት ጠረገው።

እናቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሥራው አልቆ ነበር። ከታች የተደረደረውን ቆዳ ጎንበስ ብላ አየችና "ደምሌ፣ ምራኑን ዝናብ አያገኘውም?" አለች።

"እትዬ፣ ከመኪና ሥር ማን ያዘንብበታል?"

ሁላችንም ሳቅን። የአራሽ ልጆች ነን፤ አራሽ ማታ ሞፈሩን ውጭ ቢተው እንኳ ምራኑን ፈትቶ ቤት እንደሚያስገባ፣ ዝናብ የመታው ምራን ጅማት እንደሌለው ሥጋ እንደሚልፈሰፈስም ሕፃን ሆነን ጀምሮ እናውቃለን። ግን ያ የእርሻ ዕውቀት ነው፤ መኪና ሥልጣኔ ነው። ሥልጣኔ ላይ ስንወጣ የምናውቀውን ከበር ላይ ትተነው የምንገባ ሕዝብ ነን።

ለሙት ዓመቱ መውረዱ ድንቅ ነበር። ቆዳው ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል፤ መኪናው ቃል አልተነፈሰም። ከኋላ የተቀመጡት መምሬ፣ የቤተሰባችን የንስሐ አባት፣ "ደምሌ፣ መርከብ አደረግኸው እኮ" አሉ። አያ ደምሌ በየመታጠፊያው ወደ እኔ እየዞረ ይጠቅሰኛል። እኔም ለጥቂት ሰዓት እንደ ጅል አፈርኩ።

ድግሱ ሞቅ ያለ ነበር። ፍትሐቱ ደረሰ፤ ዳሱ ውስጥ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። አያ ደምሌ ወገቡን ታጥቆ፣ ማንም ሳይጠግብ እንዳይነሳ በየመደዳው እየዞረ ያጎርሳል። የበልጉ ዝናብ የመጣው ያኔ ነው። በዳሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ሽማግሌዎቹ "ሟቹ ጻድቅ ነበሩ፣ ዝናብ አመጡ" ተባባሉ። እኔ ዳስ ጥግ ቆሜ መኪናውን አየሁ። እስከ ጎማው ግማሽ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። የእናቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ስንመለስ ወንዙን ተሻገርን፤ ውኃው ወለሉን ነክቶ አለፈ። አርብ ገበያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ድምፅ አልነበረም። ይህ ነው የባሰው። ጎማ ሲያልቅ "ጓ" ይላል፤ ያስጠነቅቃል። የራሰ ቆዳ ዝም ይላል። ፊት ለፊት የተቀመጥነው ሦስት ነን፤ አያ ደምሌ በተራራው በኩል፣ እናቴ መሐል፣ እኔ በገደሉ በኩል። የማርሹ ዘንግ ከወለሉ ቀዳዳ መሐል ተነሥቶ ወደ እናቴ ጉልበት ሲጠጋ አየሁ። ዘንጉ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀሳቀሰው ቤቱ ነው። በሚቀጥለው መታጠፊያ አያ ደምሌ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘ፤ ሻንሲው ታዘዘ፤ እኛ ግን በለሰለሰ ነገር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወደ ገደሉ ተንሸራተትን። ቁልቁል ስመለከት በመስኮቴ ሥር መንገድ የለም። ታች፣ ሩቅ፣ የአንድ ቤት ጢስ ይታያል።

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በል፣ አንተ ፈሪ!"

"እናቴ አለችበት! አቁም!"

ቆመ። ለምን እንደቆመ የገባኝ በኋላ ነው። በእኔ በኩል ያለውን በር ስከፍት የእግር መርገጫ የምታህል መሬት ብቻ ነበረች። የመኪናውን ጎን አቅፌ ወረድኩ፤ እናቴን በእጇ ሳብኳት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ የበሩን ገመድ መፍታት ጀመርኩ። ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቆ ነበር፤ በጥርሴ ፈታሁት።

ማንም "ፈራሁ" አላለም። መምሬ ቀድመው ወረዱና "እግሬ ደነዘዘ፣ ትንሽ ልራመድ" አሉ። አንዱ አጎት ሽንቱ መጣ። አንዷ አክስት ጠላ አናቷ ላይ ወጥቶ ነፋስ አሰኛት። ሌላው ዳገቱን በእግሩ ከወጣ ዘመን እንደሆነው ድንገት ትዝ አለው። መኪናው ከአያ ደምሌ በቀር ባዶ ቀረ። ዝናቡ ውስጥ ቆመን ሁላችንም ተራራውን እናደንቃለን።

"ወንዶች ናችሁ!" አለ አያ ደምሌ፤ ብቻውን ነድቶ ሄደ።

ከኋላው ተከተልን። እናቴ ከፊት፣ ነጠላዋ ጭቃ እየጠረገ፣ "ደምሌ! ተው ወንድሜ!" እያለች ትሮጣለች። መታጠፊያው ላይ ቤቱ ከሻንሲው ላይ ሸርተት ሲል ሁላችንም አየነው። ከቡሎኖቹ አንዱ እንደ ጥይት ጮኸ። መኪናው እንደ ሰካራም ወደ ገደሉ አንዴ፣ ወደ ተራራው አንዴ አለ። እናቴ ቁጭ አለች፤ ማየት አልቻለችም። እኔ አየሁ። ወደ ተራራው ወደቀ። ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ ግራ ጎኑን ከአፈሩ ጋር አላትሞ ቆመ።

አያ ደምሌ በእኔ በር በኩል በአራት እግሩ ወጣ። አልቆሰለም። እናቴ ዳበሰችው፤ ጭንቅላቱን፣ ደረቱን። ከዚያ በእሱ በኩል ያለውን በር አየችው። ወደ ኋላ ዞሮ፣ ከማጠፊያው ተገንጥሎ፣ በአፈሩና በመኪናው መሐል ተጨፍልቋል። ተዘግቶ የነበረ በር እንዲያ አይታጠፍም።

"ደምሌ" አለችው ቀስ ብላ፣ "በርህን የከፈትከው መቼ ነው?"

ዝናቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። መሬት መሬት አየ።

"ከአርብ ገበያ ጀምሮ" አለ።

እሱ ለመዝለል በሩን ገርበብ አድርጎ ሲነዳ፣ የኋላዎቹ በገመድ ታስረዋል። እናቴ መሐል ናት። እኔ በገደሉ በኩል ነኝ። እናቴ ይህን ሁሉ በልቧ ስታሰላ ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ትመታዋለች ብዬ ጠበቅሁ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለትና "ና እንሂድ፣ ይበርድሃል" አለችው።

ስለ ድፍረት ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር ያ በር ይታየኛል። አያ ደምሌ መፍራቱን አልወቅሰውም፤ ከሁላችንም ቀድሞ የፈራ እሱ ነበር፤ ትክክልም ነበር። የምወቅሰው ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን በአባቱ ድግስ ማንም ሳይጎርስ እንዳይቀር በየመደዳው የዞረ ሰው፣ ፍርሃቱን ግን ብቻውን በላው። አርብ ገበያ ላይ ትንሽ ቢያካፍለን ኖሮ ሁላችንም ወርደን፣ ጠላችንን እየተነፈስን፣ በእግራችን እንሄድ ነበር።

አያ ደምሌ አሁን አርጅቷል። ዓይኑ ደክሟል፤ መንዳት ካቆመ ቆየ። ጎሚኒዎቹን ባስቀየርኩ ማግስት ወደ አርብ ገበያ ለቅሶ ይዤው ወረድኩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መኪናው ቃል አልተነፈሰም። ያችን መታጠፊያ ስንደርስ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ስለ ጤፍ ዋጋ እያወራ ነው፤ ቀኝ እጁ ግን የበሩን መክፈቻ ጨብጧል።

"አያ ደምሌ፣ ፈርተሃል?"

"እኔ?" አለ። "አንተስ?"

"እኔ ፈርቻለሁ" አልኩት።

እጁን ከመክፈቻው ላይ አነሳና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው። "እንግዲያው ቀስ በል" አለኝ። ቀስ አልኩ።