ኖራ የበላው አሻራ

የሥራ ባልደረቦቻቸው "ጋሼ ኖራ" ይሏቸዋል። በቅርስነት የተመዘገበውን ጥንታዊ ግንብ በኖራ ሲጠግኑ አርባ ዓመታቸው ነው። ሠራተኛው በአሻራው ብቻ እንዲገባ በግንቡ በር ላይ የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ ሊተከል ነው ሲባል፣ "ድንጋዩን ከምትበሱት እኔን ብሱኝ" እያሉ ከመሐንዲሶቹ ጋር ወር ሙሉ ተሟገቱ። በስንት ጭቅጭቅ ተስማሙ፤ ድንጋይ አይነካም፣ ብሎኑ በድንጋዮቹ መሀል ያለው ኖራ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳውን ለሌላ ሰው እጅ አላምንም ብለው ራሳቸው በመሮ ፈለፈሉት፤ ብሎኑንም ራሳቸው በአዲስ ኖራ አጣበቁት።

ኖራው በደረቀ ማግስት የሠራተኛው ሁሉ አሻራ ተመዘገበ። የእሳቸው ተራ ደረሰና አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ፤ ቀይ በራ። አመልካች ጣታቸውንም እንዲሁ። ዐሥሩም ጣቶች ተሞክረው ዐሥሩም እምቢ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ኖራ ያቦካ እጅ አሻራው ተበልቶ አልቆ እንደ ብርጭቆ ልሙጥ ሆኗል።

"ጋሼ፣ እኔማ አውቅዎታለሁ" አለ ዘበኛው መሬት መሬት እያየ። "የኔ ማወቅ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይቆጠርም።"

ጋሼ ኖራ መዶሻቸውን አነሱ። መሣሪያውን አንድ ጊዜ ቢሉት ይወድቃል። ግን እጃቸውን ያውቁታል፤ እሳቸው የገጠሙት ነገር ሲነቀል ድንጋዩን ይዞ ነው የሚወጣው። መዶሻውን ባልዲው ውስጥ መለሱና ከበሩ ውጭ ቆሙ።