ያለቀው ማን ነው?

በአምስት ዓመት ውስጥ አራተኛው የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት ከቺካጎ መጡና የምዝገባውን ቀን የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ዕለት አደረጉት። በእኛ በሰሜን ሚሺጋን ያን ቀን ቄሱም ጫካ ናቸው። አዳራሹ ባዶውን ዋለ።

«ተማሪ አልቋል፤ ግማሹን ትምህርት ክፍል እንዘጋለን» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

ሠላሳ ዓመት በምዝገባ ክፍል የሠራችው ማርሊስ ካንጋስ ደሟ ፈላ። ቅጾቿን ተሸክማ ሄደችና፣ አዳኞች የጣሉትን አጋዘን የሚያስመዘግቡበት ጣቢያ በር ላይ ጠረጴዛ ዘረጋች።

«አንተ ዱርዬ! አጋዘኑን አስመዝግበህ ራስህን ልትረሳ ነው?» እያለች አጋዘን ጎትቶ የመጣውን ተማሪ ሁሉ ቅጽ አስሞላች።

በሦስተኛው ቀን ካለፈው ዓመት የሚበልጥ የተሞላ ቅጽ ፕሬዚዳንቱ ፊት ዘረገፈች። አንዱን አነሡና ደነገጡ።

«ይሄ ደም ነው እንዴ?»

«የአጋዘን ነው። ያለቀው እሱ ነው፤ ተማሪውማ ይኸውልዎ!»