እናቴ፣ ጉራቻና የጢሱ ፈተና

የናፍጣ ጢስ በአጠገቤ ሲያልፍ ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ግን ዛሬም አንገቴን አዙሬ እናቴን እፈልጋለሁ። በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ በታጠረው ግቢያችን ውስጥ፣ እናቴ ብርቄ በየማለዳው መኪናዋ ላይ ወጥታ ቁልፉን ስታዞር፣ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስሎ፣ ተንዘፍዝፎ፣ በመጨረሻ እያጓራ ሲነሳ፣ ጥቁሩ ጢስ በመስኮቱ ገብቶ ከነብርድ ልብሴ ያፍነኝ ነበር። ሌላው ልጅ በዶሮ ጩኸት ይነቃል፣ እኔ በጢስ እነቃ ነበር።

መኪናው ከኋላ ሸራ የለበሰ፣ አራቱም ጎማው የሚስብ፣ ዕድሜው የእኔን ሦስት እጥፍ የሚሆን የናፍጣ ፎርዊል ነበር። ቀለሙ ነጭ ሆኖ ሳለ ሰው ሁሉ «ጉራቻ» ይለው ነበር፤ በቦረናዎቹ ቋንቋ ጥቁሩ ማለት ነው፣ ስሙን ያወጣለት ጢሱ ነው። እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ሞቶ፣ ከዚህ መኪና በቀር የረባ ነገር ሳይተርፈን፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይሸጥ ሲል፣ እናቴ ከሰልስቱ ማግስት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መሪ ጨብጣ ተገኘች። መንዳት እስክትለምድ የሁለት ጎረቤት አጥርና አንድ የፍየል በረት አፈረሰች፣ ከለመደች በኋላ ግን በዙሪያችን ወዳሉት ወደ ኦቦ መንደርና ወደ ጎልቦ ቆላ ሰውና ዕቃ እየጫነች ስትመላለስ የሚያስቆማት አልነበረም። «ሴት ልጅ ይሄን እንዴት ትነዳዋለች?» ሲሏት፣ «በእጇና በእግሯ» ትል ነበር፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

በቦና፣ ማለት ዝናቡ ጠፍቶ ቆላው ሲነድ፣ የጎልቦ አቧራ እንደ በርበሬ ልሞ በጥርስ መሃል፣ በጆሮ፣ በተቆለፈ ሻንጣ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበር። እናቴ ይሄ አቧራ ሞተሩን ይጨርስብኛል ብላ ስለምትሰጋ፣ መኪናው አየር የሚስብበትን ፊልትሮ በአሮጌ ነጠላ ትጠቀልለው ነበር። ማንም አላስተማራትም፤ ወላጆቿ ከሸዋ የመጡ ናቸውና፣ ደገኛ እናት ልጇን ይዛ ስትወጣ ነፋስም ዐይንም እንዳያገኘው በነጠላ እንደምትሸፍነው፣ እሷም የራሷን ሸፈነች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ታዲያ ሕፃን ልጅ ሳይሸፈን አቧራ ላይ ይወጣል?» ብላ ታፈጥብኝ ነበር። በየቦናው አንድ ዙር ትጨምርበታለች፣ የጉራቻ ጢስም በየቦናው ይበልጥ ይጠቁራል፤ ሁለቱን ነገር ያገናኘ ግን ከመሃላችን አልነበረም።

ትልቁ ዝናብ ሲጀምር አቧራው ሁሉ ጭቃ ይሆንና፣ ተሳፋሪው ወርዶ እየገፋ፣ እናቴ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ለብሳ ትመለስ ነበር። እንደዚያው ሆና ከትምህርት ቤት ልትወስደኝ ስትመጣ፣ ጢሱ ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ይደርሳል፣ ልጆቹም «ጉራቻ ዱፌ! ጉራቻ መጣ!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። እፍረት ይገድለኝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ተደብቄ እስክትሄድ እጠብቅ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተካ በከተማው መሃል ሆቴል ነበራቸው፤ እዚያ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፣ ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍልም ለእኔ ብቻ የሚሆን አልጋ አለ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ «ኑና እኛ ጋ ኑሩ» ይሉን ነበር፣ እኔም በልቤ እሺ ካልኩ ቆይቻለሁ።

ዝናቡ አልፎ ብርዱ ሲገባ ወሬው መጣ። ሰው የሚጭን መኪና ሁሉ ተመርምሮ፣ ጢሱም በማሽን ተለክቶ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ካልተለጠፈለት ከእንግዲህ መንገድ ላይ አይወጣም ተባለ። መርማሪዎቹ በሐጋያ፣ በትንሹ ዝናብ መግቢያ፣ እኛው ከተማ ድረስ ይመጣሉ፤ የወደቀ መኪና ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዕድል ብቻ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ታርጋው ይነሳል። ጋሼ ተካ ይሄን እንደሰሙ መጥተው፣ «ብርቄ፣ ይሄ መኪና አያልፍም። ብረቱን የሚገዛ ሰው አለኝ። አንቺም ሆቴሉ ጓዳ ትገቢያለሽ፣ ልጅቷም ታርፋለች» አሏት። ቀጥለውም፣ «ካልሆነም ለመርማሪው ቻይ ስጪው» አሉ፤ ቻይ የሚባለው በእኛ ከተማ ለባለሥልጣን በእጁ የሚጨበጥለት ነገር ነው።

«ሻዩን እርስዎ ሆቴል ያጠጡት ጋሼ፣ እኔ የማሳየው መኪናዬን ነው» አለች።

ጋሼ ተካ እየሳቁ ተነሱ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!»

«እንግዲያው ወረቀቱንም እይዛለሁ» አለቻቸው፣ በሩን እየከፈተች።

ለፈተናው አዘጋጀነው፣ ግን እንዴት ያለ ዝግጅት! ረጅም መንገድ እንደሚጠብቃት ግመል ሦስት ቀን ሙሉ አሳረፈችው፣ እኔና እሷ ጎማው ድረስ በሳሙና አጠብነው፣ በመጨረሻም ነጠላውን አጥባ አድርቃ፣ ለክብሩ አንድ አዲስ ደርባ፣ ፊልትሮውን እንደገና ጠቀለለችው። ጠዋት እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለች ምርመራው ወዳለበት ኳስ ሜዳ ነዳችው። መርማሪው ከታች አገር፣ ከኬንያ መሃል የመጣ፣ ሸሚዙን ጥንቅቅ አድርጎ የተኮሰ ወጣት ነበር፤ የማሽኑን ቱቦ በጢስ ማውጫው፣ በማርሚታው ውስጥ ሰክቶ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጪ አላት። ረገጠች። ወይ ጉድ! ጉራቻ የሦስት ቀን ዕረፍቱን በአንድ ጊዜ ተፋው፣ ጢሱ የወጣቱን ሸሚዝ፣ ከኋላ የተሰለፉትን ሾፌሮች፣ አጥር ላይ የተቀመጡትን ሥራ ፈቶች ሁሉ አለበሳቸው። ወጣቱ እያሳለ «ማማ፣ ሂ ኒ ጋሪ አው ጂኮ?» አላት፤ ይሄ መኪና ነው ወይስ ምድጃ ማለቱ ነው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቤት ስትነዳ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን በየትኛው በኩል ሆኜ እንደማይ አስብ ነበር። በማግስቱ ጋሼ ተካ ለእናቴ የሚሆን ሰማያዊ ሽርጥ አምጥተው ሰጧትና፣ እኔን ክፍሉን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ሄዱ። በጓዳው ስናልፍ ሦስት ሴቶች ሳህን ያጥቡ ነበር። ጋሼ ተካ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ግን ሥራ ሲበዛባቸው እጃቸውን ሁለቴ ያጨበጭቡና «ቶሎ! ቶሎ!» ይላሉ፤ ሴቶቹም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያፈጥናሉ። ያን ጊዜ አራተኛዋ ታየችኝ፣ እናቴ፣ በጭብጨባ የምትፈጥን። አልጋውን ሳላይ ሮጬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ በሰማያዊው ሽርጥ የሞተር ዘይት እየጠረገች አገኘኋት።

«ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ይመጥጣል» አለችኝ። እሰይ የእኔ እናት!

ከከተማው ዳር ካለችው ከቡቲዬ ፉንዲ ጉዮ የሚባል ሽማግሌ መካኒክ አስጠራች። በሞተር ሳይክል መጥቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ነጠላውን ይፈታ ጀመር፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ መሬት ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ብርቄ፣ አፍነሽ ልትገድዪው ነበር እኮ! አየር ያጣ ናፍጣ ጥላሸት ነው የሚሆነው።»

እናቴ ነጠላዋን ይዛ ቀረች። «ስሸፍነው... ሦስት ዓመት ሙሉ?» አለች፣ ድምፅዋ አንሶ፤ ለአንድ አፍታ የምታለቅስ መስሎኝ ፈራሁ። ከዚያ ግን ነጠላውን አጣጥፋ አስቀመጠችና «ሌላስ ምን አጥፍቻለሁ? ሁሉንም ንገረኝ» አለችው።

«ማሳረፍሽ» አላት ጉዮ፤ «የቆመና በቀስታ የሚሄድ ሞተር ጥላሸቱን ሆዱ ውስጥ ያጠራቅማል። ጫኚው፣ ዳገት አስወጪው፣ እንደጋለ አምጪው። ከቀዘቀዘ አለቀልሽ።» አዲስ ፊልትሮ ገጠመለት፣ ናፍጣ የሚረጩትን አፍንጫዎች አንድ በአንድ ፈትቶ አጸዳ፣ ሄደ።

የሁለተኛው ፈተና ዕለት በማለዳ ጎልቦ ወርደን፣ ወደ ገበያ የሚወጡ አሥራ አንድ ሴቶች፣ አምስት ፍየሎችና የበቆሎ ጆንያ ጭነን ተመለስን። የሞያሌን ዳገት ስንጀምር እናቴ ማርሹን ዝቅ አድርጋ ነዳጁን ረገጠችው፣ ጉራቻም እያጓራ መውጣት ጀመረ፤ ከበስተኋላችን ያለው መንገድ በጥቁር ጢስ ተጋረደ። እኔ ጋቢና ሆኜ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ ጢሱ አመድ መሰለ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ፣ ድንጋዩ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ ይታየኝ ጀመር።

«እማ፣ ጠፋ! ጢሱ ጠፋ!»

«ዝም በይ፣ እንዳይሰማሽ» አለችኝ፣ መኪናውን ማለቷ ነው።

ኳስ ሜዳው ስንደርስ ግን መርማሪው ምሳ ወጥቷል፤ አንድ ሰዓት ጠብቁ ተባልን። ዘበኛው መጥቶ ግቢ ውስጥ ሞተር ማጥፋት ግዴታ ነው አላት። «እንግዲያው ግቢ ውስጥ አልቆምም!» ብላ መኪናውን አዞረችና፣ ወደ ኋላ ዞራ «የቸኮለች ትውረድ!» አለቻቸው ሴቶቹን። አንዲትም አልወረደችም። ወደ ቡቲዬ ዳገቱን ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን፤ ሴቶቹ ከብት ሲጠጣ የሚዘፈነውን ዘፈን አንስተው፣ ፍየሎቹም በራሳቸው እያጀቡ፣ ከተማው ሥራውን ትቶ ያየን ጀመር። በሦስተኛው ዙር የትምህርት ቤቴ ልጆች «ጉራቻ ዱፌ!» እያሉ ሲከተሉን፣ እኔም በመስኮት ወጥቼ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ፣ «ጉራቻ ዱፌ!» አልኩባቸው።

ስንመለስ ጋሼ ተካ ከብረት ገዢው ጋር ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ወጣቱ መርማሪ ፍየሎቹን አይቶ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ሲል፣ እናቴ በስዋሂሊ «ማሽንህ የሚለካው ጢስ ነው ወይስ ፍየል?» አለችው። ቱቦውን ሰካ። ረገጠች። ማሽኑን አየ፣ በጣቱ መታ አደረገው፣ እንደገና ርገጪ አላት፤ ሦስተኛም አስረገጣት። ከማርሚታው የሚወጣው ቀጭን ነገር የሰው ትንፋሽ ያህል እንኳ አይሆንም ነበር።

«ኢሜፒታ» አለ በመጨረሻ። አልፏል ማለት ነው።

እልልታው የድንበሩን ኬላ ተሻገረ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ወረቀቱን ተቀብላ በገዛ እጇ መስታወቱ ላይ ለጠፈችና፣ ወደ ጥላው ዞራ «ጋሼ፣ ይውጡ፣ ላድርስዎት» አለቻቸው። ከኋላ ከፍየሎቹ መሃል በቀር ቦታ አልነበረም፤ ጋሼ ተካ ኮታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ጉራቻ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሠራ። አስፋልቱ መጥቶ አውቶቡሱ ሲበዛ፣ እናቴ ራሷ ባለችው ዋጋ ሸጠችው፣ ሁለት ክፍል ቤትም ሠራችበት። እኔ ዛሬ ኢሲዮሎ ከተማ እሠራለሁ። የእሷ ጉልበት ደክሟል፣ ውሃ በጀሪካን ነው የምታስመጣው፤ «እማ፣ ነይና እኔ ጋ ኑሪ» ባልኳት ቁጥር «ቤት አለኝ» ትለኛለች። አምና ተናድጄ፣ «ያረፈ ኑሮ አዘጋጅቼልሽ እንቢ ማለት ምን የሚሉት ግትርነት ነው?» አልኳትና፣ ቃሉ ከአፌ ሳይወርድ በገዛ ድምፄ ውስጥ ጋሼ ተካን ሰማኋቸው። ያኔ የጠላኋቸው ሰውዬ፣ ለካ እንዲህ ነበር የሚወዱን። ዛሬ እሳቸው በቆሙበት የቆምኩት እኔ ነኝ፣ እናቴ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ነይ ማለቱን ተውኩ። ዘንድሮ ሄጄ፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ቧንቧ ላስገባልሽ አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«እሺ» አለች፤ «ቆጣሪው ግን በእኔ ስም ይሁን።»